ሲ1815 ትራንዚስተርን በቢሲ547 ቀየርኩት፣ ሬዚስተሩም ጨሰ፤ የት ነው የተሳሳትኩት?

የደሴው ጀማሪ

ሰላም ለሁላችሁ። የሰፈራችን እድር አምፕሊፋየር እኔ ጋ ነው ያለው። ለለቅሶውም ለስብሰባውም ያላቸው ይኸው አንድ ብቻ ነው። ከቴክኒክና ሙያ ከወጣሁ ገና ዓመቴ ነው። ሰብሳቢው አምነው ሰጥተውኛል፤ እንዳላሳፍራቸው ፈርቻለሁ።

ሲመጣ ከፍላሽ ይጫወታል፣ ማይኩ ግን ድምፅ የለውም። ስከፍተው የማይኩ ቦርድ አጠገብ አንድ ሬዚስተር ከሰል ሆኗል። ቀለሙ አይነበብም። ደግነቱ መንትያው ከጎኑ አለ። አንዱ ከፕላስ 35 ቮልት፣ ሌላው ከማይነስ 35 ቮልት ይነሳና እያንዳንዱ የ15 ቮልት ዜነር (ቮልቴጁን 15 ላይ የሚይዝ ዳዮድ) ላይ ያርፋል። የመንትያው ቀለም ቢጫ፣ ወይን ጠጅ፣ ቡኒ፣ ወርቃማ ነው። 470 ኦም ብዬ አነበብኩት።

የማይኩ ትራንዚስተር ላይ ሲ1815 ይላል። ልፈትሸው ብዬ ስነቅለው እግሩ ተሰበረ። ሱቅ ስሄድ ሲ1815 የለም። «ቢሲ547 ውሰድ፣ ያው ነው፣ ሁለቱም ኤንፒኤን ናቸው» ተባልኩና ገዛሁ (ትራንዚስተር ኤንፒኤን ወይም ተቃራኒው ፒኤንፒ ነው)። 470 ኦም ሬዚስተርም ሰጡኝ፤ ከተቃጠለው በጣም ያነሰ ነው፣ ግን ኦሙ እኩል ስለሆነ ግድ አልሰጠኝም። ትራንዚስተሩንም ጠፍጣፋው ፊት በነበረበት አቅጣጫ አድርጌ በየድኩት።

ስከፍተው ዜነሩ ላይ 15 ቮልት አለ። ደስ አለኝ። ማይኩ ግን አሁንም ዝም። የትራንዚስተሩ መካከለኛ እግር ላይ 0.7 ቮልት ብቻ አገኘሁ። ይህን እየለካሁ ሳለ አዲሱ ሬዚስተር ጨሰ። ሁለት ደቂቃም አልቆየ።

መልካቸው አንድ የሆኑ ትራንዚስተሮችን በምን ነው የምለያቸው? የሬዚስተር ዋትስ የት ነው የሚጻፈው? ቀለሙ የነገረኝ ኦሙን ብቻ ነው።

አሮጌ ራዲዮ

ልጄ፣ ለክተህ መጻፍህ በጣም ጥሩ ነው። ብዙ ሰው «አይሠራም» ብሎ ብቻ ነው የሚጽፈው። እኔ 30 ዓመት ሙሉ ኮልፌ ራዲዮና አምፕ ስጠግን ኖሬያለሁ፤ ያቺ 0.7 ቮልት ብቻዋን ታሪኩን ትነግረኛለች።

ሲ1815ን ጠፍጣፋውን ፊት ወደ አንተ፣ እግሮቹን ወደ ታች አድርገህ ያዘው። ከግራ ወደ ቀኝ ኤሚተር፣ ኮሌክተር፣ ቤዝ ነው (ቤዙ መቆጣጠሪያው ነው፤ ዋናው ከረንት በሌሎቹ ሁለት መሀል ያልፋል)። ቢሲ547ንም እንደዚያው ያዘው። እሱ ደግሞ ኮሌክተር፣ ቤዝ፣ ኤሚተር ነው። አንድም እግር ቦታው ላይ አልዋለም። ቦርዱ ኮሌክተር የሚጠብቅበት መካከለኛ ቀዳዳ ውስጥ ቤዝ ገብቷል። ግራውንድ ላይ መዋል የነበረበት ኤሚተር ነው፤ አሁን ኮሌክተር ሆኗል። ስለዚህ ከ15 ቮልቱ በሬዚስተር የሚመጣው ከረንት በቤዝና በኮሌክተር መሀል ባለው ዳዮድ አልፎ ግራውንድ ይገባል። የሲሊከን ዳዮድ ሲያስተላልፍ ስንት ቮልት ይይዛል? 0.7። የለካኸው እሱን ነው። ትራንዚስተርህ ደህና ሊሆን ይችላል፣ የተቀመጠው ግን ዳዮድ ሆኖ ነው።

«ገልብጬ ብበይደውስ?» ትል ይሆናል። ብትገለብጠው ኤሚተሩ ቦታውን ያገኛል። ቤዝና ኮሌክተር ግን ይለዋወጣሉ። የግድ ቢሲ547 ከሆነ ገልብጠው፣ ከዚያ መካከለኛውንና የዳሩን እግር አሻግር፣ እንዳይነካኩም አንዱን ከሽቦ በተላጠ ቀጭን ላስቲክ ሸፍነው። አቅሙ 45 ቮልትና 100 ሚሊ አምፔር ነው፤ ለማይክ ከበቂ በላይ ነው። ሻጩ አልዋሸህም፤ በሥራ ይተካካሉ። እግራቸው ነው የተለያየው፣ እሱን ደግሞ መጠየቅ ያለብህ አንተ ነህ።

ስሙን ማንበብ ልመድ። የጃፓን ትራንዚስተር ሙሉ ስሙ በ2ኤስ ይጀምራል፤ ቦታ ስለማይበቃ አካሉ ላይ 2ኤስን ይተውታል። ሲ1815 ማለት 2ኤስሲ1815 ነው። ኤ እና ቢ ካለ ፒኤንፒ፣ ሲ እና ዲ ካለ ኤንፒኤን ነው። ኬ እና ጄ ካየህ ፌት ነው፤ ሌላ ነገር ነው። የአውሮፓው ደግሞ በሌላ መንገድ ይሄዳል። የመጀመሪያው ፊደል ከምን እንደተሠራ ይናገራል፦ ኤ ጀርማኒየም፣ ቢ ሲሊከን። ሁለተኛው ሥራውን ይናገራል፦ ሲ ለትንሽ የድምፅ ሥራ፣ ዲ ለኃይል። ኤንፒኤን መሆኑን ግን ስሙ አይነግርህም። ቢሲ557 ከቢሲ547 ጋር ቁርጥ አንድ ነው፣ ግን ፒኤንፒ ነው። የአሜሪካው 2ኤን ከቁጥሩ ምንም አይነበብም። ፒኤን2222ኤ እና ፒ2ኤን2222ኤ የሚባሉ ሁለት አሉ፤ በስም አንዲት ቁጥር ብቻ ጨመሩ፣ እግራቸው ግን የመስታወት ግልባጭ ነው።

ዲጂታል ቴስተር የገዛሁ ሰሞን አንድ የቆየ ራዲዮ መጣልኝ። ውስጡ ኤሲ128 ነበር። ስለካው 0.2 ቮልት አካባቢ ሲያሳየኝ ተበላሽቷል ብዬ ጣልኩት። ጀርማኒየም ስለሆነ ነበር እንጂ ደህና ነበር። ኤ ማለት ምን እንደሆነ የዚያን ጊዜ ባውቅ ኖሮ አልጥለውም ነበር። እስካሁን ይቆጨኛል።

ጽሑፉ የጠፋበትን ትራንዚስተር በቴስተር ታገኘዋለህ። የዳዮዱ ምልክት ላይ አድርገው። አንድ እግር ላይ ቀዩን ያዝና ጥቁሩን በተራ ሌሎቹ ሁለት ላይ ንካ። በሁለቱም ከ0.6 እስከ 0.7 ካሳየህ ቀዩ ያለበት ቤዝ ነው፣ ትራንዚስተሩም ኤንፒኤን ነው። ይህ የሚሆነው ጥቁሩን ስትይዝና በቀዩ ስትነካ ከሆነ ፒኤንፒ ነው። ከሁለቱ ንባቦች በትንሹ ከፍ ያለው ኤሚተር ነው። በኮሌክተርና በኤሚተር መሀል በሁለቱም አቅጣጫ ምንም ማሳየት የለበትም። አንድ ነገር ልብ በል፤ የምትሠራው ባለ መርፌው የድሮ ቴስተር ከሆነ በኦም መለኪያው ላይ ፕላሱ የሚወጣው በጥቁሩ ገመድ ነው። ሁሉም ነገር ይገለበጥብሃል።

ስለ ዋቱ ከመናገሬ በፊት ሦስት ነገር ለክተህ ንገረኝ። የመንትያዋን ሬዚስተር አካል ርዝመት በማስመሪያ። ከሥሯ ቦርዱ ምን እንደሚመስል። አንዱን እግሯን ከቦርዱ አንስተህ ኦሟን።

የሐዋሳ መምህርት

ጋሼ፣ በጣም ደስ የሚል ማብራሪያ ነው። ለተማሪዎቼ ላነብላቸው አስቤያለሁ። አንዲት ነገር ላይ ግን ልጨምር። «በትንሹ ከፍ ያለው ኤሚተር ነው» ያሉት አብዛኛውን ጊዜ ልክ ነው፣ ልዩነቱ ግን 0.005 ቮልት ብቻ ሊሆን ይችላል። እጅ ሲሞቅ ይዛባል። ተማሪዎቼ ትራንዚስተሩን በጣታቸው አጥብቀው ይዘው ሲለኩ ስንቴ ተሳስተዋል።

ወንድሜ፣ ቴስተርህ ላይ ኤችኤፍኢ የሚል፣ የትራንዚስተርን የማጉላት አቅም የሚለካ ክብ መሰኪያ ካለ እሱን ተጠቀም። ቤዙን ካወቅህ በኋላ ሁለቱን እግሮች በሁለቱም አቀማመጥ ሞክር። በትክክለኛው 100፣ 200፣ 300 ያሳይሃል። በተገለበጠው በጣም ዝቅ ያለ ቁጥር ነው የሚመጣው። እዚህ ላይ ጥርጣሬ አይኖርም።

ሲ1815 ስትገዛ ከቁጥሩ ቀጥሎ ያለውን ፊደልም ተመልከት። ዋይ ካለ የማጉላት አቅሙ ከ120 እስከ 240፣ ጂአር ካለ ከ200 እስከ 400 ነው። ለማይክ ሁለቱም ይሆናሉ።

ሦስት እግር ያለው ጥቁር ነገር ሁሉ ደግሞ ትራንዚስተር አይደለም። 78ኤል05 የቮልቴጅ መቆጣጠሪያ ነው። ቲኤል431ም አለ፣ ትንንሽ ታይሪስተሮችም አሉ። ሁሉም ያንኑ ልብስ ነው የለበሱት። በዳዮድ ፍተሻ ግራ የሚያጋባ ውጤት ከሰጠህ ተበላሽቷል ከማለትህ በፊት ቁጥሩን ፈልግ።

የደሴው ጀማሪ

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እህቴ፣ አንቺም። በጣቴ ይዤ ነበር የምለካው።

የመንትያዋ አካል 12 ሚሊ ሜትር ነው። ከሥሯ ቦርዱ ቡኒ ሆኗል፣ መዳቡም ትንሽ ተነስቷል። እሷም ቦርዱ ላይ ልጥፍ ብላ ነው የተበየደችው። እግሯን አንስቼ ስለካት 521 ኦም ነች። ኦሟ ለምን ጨመረ? የኃይል መስመሩ 35.2 ቮልት ነው።

አሮጌ ራዲዮ

መምህርት ያለችው ልክ ነው። የእኔ ዘዴ ለለመደ እጅ ነው፣ ጀማሪ በኤችኤፍኢ ያረጋግጥ።

አሁን ወደ ሬዚስተሩ። ዋት በቀለም አይጻፍም። ነጫጮቹ የሲሚንቶ ሬዚስተሮች ላይ ግን 5 ዋት፣ 10 ዋት ተብሎ በጽሑፍ ታገኘዋለህ። ያልተጻፈበት በአካሉ መጠን ነው የሚገመተው። ሩብ ዋት 6 ሚሊ ሜትር ገደማ ይረዝማል። ግማሽ ዋት 9፣ አንድ ዋት ከ11 እስከ 12፣ ሁለት ዋት 15 ገደማ። ከሱቅ ያመጣኸው ሩብ ዋት እንደነበር አልጠራጠርም። ሰማያዊ ስለሆነ ጠንካራ ነው የሚሉህን አትስማ። ቀለሙ የሚነግርህ ብዙ ጊዜ ሜታል ፊልም (በስስ ብረት የተለበጠ ዓይነት) መሆኑን ነው፣ ዋቱን አይደለም።

መጠን ማየት ግን ግምት ነው። በትንሽ አካል ግማሽ ዋት ነኝ የሚል ሬዚስተርም አሁን በብዛት አለ። ስለዚህ አስላው። ሬዚስተርህ አንድ ጫፉ 35 ቮልት ላይ፣ ሌላው ጫፉ ዜነሩ የያዘው 15 ቮልት ላይ ነው። በመሀሉ ያለው 20 ቮልት ነው። ብዙ ጀማሪ 35ን ይዞ ያሰላል። አይደለም፤ የሚያስፈልግህ በራሱ በሬዚስተሩ ሁለት ጫፎች መሀል ያለው ቮልቴጅ ነው። 20 በ20 ሲባዛ 400፣ ለ470 ሲካፈል 0.85 ዋት። አንተ 0.25 ዋት ብቻ በሚችል ዕቃ ላይ ከሦስት እጥፍ በላይ ጫንክበት። ሁለት ደቂቃ መቆየቱም ይገርማል።

አሁን መንትያዋን ተመልከት። 12 ሚሊ ሜትር፣ ማለት 1 ዋት። 0.85 ዋት ቀን ከሌት የምትሸከም 1 ዋት ሬዚስተር። በወረቀት ላይ ትችላለች። ያ 1 ዋት ግን የሚለካው በዙሪያዋ ያለው አየር ከ70 ዲግሪ በማያልፍበት ሁኔታ ነው። ሳጥኑ ዝግ ነው፣ አጠገቧ ሂት ሲንክ (ሙቀት ማብረጃ ብረት) አለ፣ እሷም ቦርድ ላይ ተለጥፋ አየር አታገኝም። ማታ ሰው ሲተኛና መብራት ሲጠነክር ደግሞ 220ው 240 ይደርሳል። 35 ቮልትህ 38 ይሆናል። 23 በ23 ለ470 ስታካፍል 1.13 ዋት ነው። አለፈች። በዚህ ሁኔታ ዓመታት ስትኖር ፊልሙ እየሳሳ ኦሟ ይጨምራል። በ5 ከመቶ ስሌት 493 ኦም ድረስ ነው የሚፈቀድላት፤ የአንተዋ 521 ደርሳለች። እህቷ ቀደመቻት እንጂ ይህቺም መንገድ ላይ ናት።

ለዚህ ነው ፋብሪካው ያስቀመጠውን ዝም ብለህ አትኮርጅ የምለው። ፋብሪካውም ሳንቲም ቆጥቧል። ቡኒ የሆነ ቦርድ ስታይ ዋቱን አሳድግ። የእኔ ልክ ካሰላሁት እጥፍ ነው። 0.85 እጥፉ 1.7፣ ስለዚህ 2 ዋት። ሁለቱንም ጎን ቀይር፣ የተቃጠለውን ብቻ አይደለም። ከቦርዱ 5 ሚሊ ሜትር ያህል ከፍ አድርገህ በይዳቸው። አጠገባቸው ኤሌክትሮላይቲክ ካፓሲተር ካለ አዘንብለው ወይም በ105 ዲግሪው ቀይረው፤ የሙቅ ሬዚስተር ጎረቤት ቶሎ ይደርቃል።

2 ዋት ካላገኘህ አትጨነቅ። ግማሽ ዋት የሆኑ 470 ኦም ሬዚስተሮች አራት ግዛ። ሁለቱን በተከታታይ፣ ሌሎቹን ሁለት በተከታታይ፣ ከዚያ ሁለቱን ጥንዶች ጎን ለጎን አገናኝ። ድምሩ ተመልሶ 470 ኦም ነው፣ አቅሙ ግን 2 ዋት። እያንዳንዱ 0.21 ዋት ብቻ ይሸከማል። ለሁለቱ ጎን ስምንት ማለት ነው።

ከመክፈትህ በፊት ዜነሩንና ከእሱ ጋር ያለውን ካፓሲተር ለሾርት ለካ። ዜነሩ ሾርት ቢሆን ኖሮ 35ቱ ቮልት በሙሉ ሬዚስተሩ ላይ ነው የሚያርፈው፤ 2.6 ዋት ይሆናል፣ አዲሱም ይከስላል። አንተ 15 ቮልት ስላገኘህ ደህና ይመስለኛል፣ ግን ከጭሱ በኋላ ድጋሚ ለካው። ስትከፍት ከመስመሩ ጋር በተከታታይ ባለ 60 ዋት የድሮ አምፖል አድርግ። አብርቶ ደብዘዝ ካለ ጤና ነው። እንደበራ ከቀረ ቶሎ ንቀል።

ምናለሽ ተራ

እኔ የምሠራው ከተፈቱ ዕቃዎች ነው፣ ሲ1815 ከአሮጌ ቴፕና ከቴሌቪዥን ቦርድ ላይ እንደ ልብ ይገኛል። አውጥተህ በኤችኤፍኢ ለካና ተጠቀም። አንድ ብር አታወጣም።

ከቴሌቪዥን ስታወጣ ግን ዲ1555ን ተጠንቀቅ። ያቺ የወፍራሙ ቴሌቪዥን የሆሪዞንታል ትራንዚስተር ናት። በቤዝና በኤሚተር መሀል ከ30 እስከ 50 ኦም ሬዚስተር ውስጧ አለ፣ በኮሌክተርና በኤሚተር መሀል ደግሞ ዳዮድ አለ። በቴስተር ስትለካት ሾርት ናት ብለህ ትጥላታለህ። እኔ ብዙ ደህና ዲ1555 ጥያለሁ፣ ለሰው ቲቪም ያለ ምክንያት ቀይሬያለሁ። ሰውየው የከፈለኝን ሳስብ አሁንም ደስ አይለኝም።

ወደ ኃይል ትራንዚስተር ስትገባ ደግሞ ሲ5200 እና ኤ1943 ገበያው ላይ አስመስለው የተሠሩ ሞልተዋል። እውነተኛው 230 ቮልት፣ 15 አምፔር ይችላል። በአስመሳዩ ውስጥ ያለው የሲሊከን ቁራጭ ትንሽ ነው፣ ቴስተር ላይ ግን ደህና ነው የሚለው። ድምፅ ከፍ ሲል ነው የሚፈነዳው። ከትልቅ ቦርድ ላይ የወጣ አሮጌ ኦሪጅናል ከአዲስ አስመሳይ ይሻለኛል።

አሮጌ ራዲዮ

ወንድሜ፣ ስለ ዲ1555 ጥሩ አስታወስክ። በእነዚህ ላይ ከቦርድ አውጥቶ ዳታ ሺቱን (የፋብሪካውን መግለጫ) ማየት ነው፣ ሌላ መላ የለውም። ከወጣ ዕቃ ላይ ግን ሬዚስተር አትውሰድ፤ በተለይ ሙቀት የመታውን። ልጁ ያገኛት 521 ኦም ዓይነቷ ብዙ ናት።

የደሴው ጀማሪ

ጋሼ፣ ሠራ።

2 ዋት ደሴ ላይ አላገኘሁም። ባለ ግማሽ ዋት ስምንት ገዛሁና እንዳሉኝ አራት አራት አድርጌ በየድኳቸው። ሁለቱም ስብስብ 468 እና 471 ኦም ነው የለኩት። ከቦርዱ ከፍ አድርጌያቸዋለሁ። ዜነሮቹም ካፓሲተሮቹም ሾርት አልነበሩም። በአምፖሉ ስከፍተው ፈጠን ብሎ በራና ደበዘዘ።

ሲ1815 ጂአር ከአንድ አሮጌ ቴፕ ቦርድ አወጣሁ። በመሰኪያው 264 አለኝ። እግሩን ገልብጬ ስሞክረው 11 ብቻ ነበር፣ ልዩነቱን በዓይኔ አየሁት። በየድኩትና መካከለኛ እግሩን ለካሁ። 7.3 ቮልት። ከ15ቱ ግማሽ አካባቢ ነው፤ ልክ ነው አይደል? ማይኩ ጥርት ብሎ ይሰማል።

ሁለት ሰዓት ሙሉ ክፍት አድርጌ ተውኩት። ነቅዬ ሬዚስተሮቹን ስነካቸው ይሞቃሉ፣ ጣቴን ግን ማቆየት እችላለሁ። እሑድ የእድሩ ስብሰባ ስላለ ቅዳሜ እወስድላቸዋለሁ።

አሮጌ ራዲዮ

7.3 ጥሩ ነው፣ በዚያው ተወው። ሳጥኑን ከመግጠምህ በፊት በላዩ ያሉትን የአየር ቀዳዳዎች አቧራ በብሩሽ አጽዳ። ሙቀት መጠራቀም የሚጀምረው ከዚያ ነው። ሰብሳቢውንም አምፑን በጨርቅ ሸፍነው እንዳያጫውቱት ንገራቸው።